አያሌው ጽዋውን ሲቀበል

ጥቅምት 12፣ መካነ ሰላም

ጠዋት ወደ እህቴ ወደ የሺ መንደር ስሄድ ሰግቼ ነበር። በረዶው ገብሳቸውን ከመታው ወዲህ አላየኋቸውም። ማሳው ጭድ እንኳ አይወጣውም። የሚካኤልን ማኅበር ጽዋ ዛሬ ተረክቦ በኅዳር የሚደግሰው ደግሞ ባሏ አያሌው ነው።

ማኅበርተኞቹ አስቀድመው መክረው ኖሯል። በዛሬው ደጋሽ ቤት ጸሎቱ እንዳበቃ የማኅበሩ መሪ፣ ሙሴው ጋሼ በላይ፣ «አያሌው፣ የዘንድሮውን ተራህን ሌላ ሰው ይያዝልህ» አሉት።

«ምነው ጋሼ? በረዶው የመታው ገብሴን ነው፤ እኔ ደኅና ነኝ!»

ቤቱ ሳቀ።

«በምን ትደግሳለህ ታዲያ?»

«ባለው ነዋ። አምና እግዜር ጎተራዬን ሲሞላው አመሰገንሁት። ዘንድሮ ላኩርፈው?»

ተነሥቶ ጽዋውን በሁለት እጁ ተቀበለ። የሺ እልል አለች። ፊቷን አየሁት፤ ለይሉኝታ ያወጣችው እልልታ አልነበረም። ወደ ቤታቸው ስንመለስ ወሬው ቀድሞን ኖሮ፣ ሙስሊሟ ጎረቤታቸው ዘሀራ ከአጥሯ ላይ፣ «አብሽር አያሌው! ንፍሮው በእኔ ነው!» ብላ ተጣራች።

መንገድ ላይ ሳዘጋጀው የነበረውን የማጽናኛ ቃል ሳልናገረው ተመለስሁ። የቀረውን ድግስ በምን እንደሚደግሱት አሁንም አላውቅም። እነሱም አያውቁም። ደስ ብሎኝ ነው የምተኛው።