«አርፏል» ያለሽ ሰው

ይድረስ ለምወድሽ እናቴ፤

እማዬ፣ እንዴት ከርመሻል? ጉልበትሽስ እንዴት አደረገሽ? የግፊት መድኃኒትሽ አላለቀም? የአባዬ ሳልስ ተሻለው? እኔ ደህና ነኝ። የምጽፍልሽ ከሆስፒታል አልጋ ላይ ነው፤ ግን ደህና ነኝ። አንዴ ሞቼ ስላስለቀስኩሽ ይህንን አስቀድሜ መናገር አለብኝ።

በስልክ ባናግርሽም አላመንሽም አሉ። እህቴ እንደነገረችኝ «በሕይወት ካለም እጁን ቆርጠውታል፤ እየደበቃችሁኝ ነው» ብለሽ እህል እምቢ ብለሻል። እንግዲያው ምንም ሳልደብቅ ልንገርሽ።

የእንጨት ሥራ ቤታችን ውስጥ ሳንቃ ስሰነጥቅ የኤሌክትሪክ መጋዙ ቀኝ ክንዴን ያዘኝ። ሌላው ሰው ሲጯጯህ ቀለም ቀቢው ባልደረባዬ ሸሚዙን ቀዶ ክንዴን ጥፍር አድርጎ አሰረና መኪና ለምኖ ሆስፒታል አደረሰኝ። ሐኪሟ በኋላ «ትንሽ ብትዘገዩ ኖሮ እንኳን እጅህ ነፍስህም አትገኝም ነበር» አለችኝ። እጁ እንደ ድሮው ይሠራ እንደሆነ ግን ጣቶቹን አይተን ነው የምናውቀው አለች።

ከኦፕራሲዮን ወጥቼ እንቅልፍ ሲወስደኝ ይኸው ቀለም ቀቢ ደስ ብሎት ደወለልሽ። «በጣም ተሰቃይቶ ነበር፤ አሁን ግን አርፏል» አለሽ። ተኝቷል ማለቱ ነበር እኮ! አንቺ ግን ስልኩን ጥለሽ ጮኽሽ፣ ጎረቤቱም ተሰበሰበ። እኔ እዚህ አፌን ከፍቼ ሳንኮራፋ እዚያ ተለቀሰልኝ። እጄን ያዳነ ሰው እኔን ገደለኝ! ከዚያ ወዲህ «በምን አፌ እናትህን ላናግራቸው» እያለ ስልክ በጮኸ ቁጥር ይደነግጣል። አንቺም «ስሙን አታንሱብኝ» ብለሻል አሉ። ስሞትልሽ... ኧረ ይቅር፣ ይህቺን ቃል ለጊዜው ትቻታለሁ። እባክሽ ይቅር በይው።

እዚህ ክፍል ሰው የሚጠራው በጎዳው ነገር ነው። እኔ «መጋዝ» ነኝ። ነርሷ እንደምትለው አብዛኛው ተጎጂ የሚመጣው ከመንገድ አደጋ ነው። እኛ ጋ እንኳን ሞተር ሳይክል የገጫቸው ብዙ ስለሆኑ «ትልቁ ሞተር»፣ «ትንሹ ሞተር» እያልን ነው የምንለያቸው። ከቤታቸው ደረጃ ተንሸራተው ዳሌያቸው የተሰበረ አንድ አባትም አሉ፤ «በስተርጅና ደረጃ አገኘሁ» እያሉ ያስቁናል። ትናንት በምርኩዝ እስከ በሩ ደርሰው ሲመለሱ ክፍሉ ሁሉ አጨበጨበላቸው።

ሁሉም ግን አይድንም፣ እማዬ። «መሰላል» የምንለው ግንበኛ ከመሰላል ወድቆ ጭንቅላቱን ተመትቶ ነበር፤ ብዙም ሳይቆይ አልጋው ባዶ ሆነ። ያን ቀን የቀለደ ሰው የለም። እኔም ብርድ ልብሱ ውስጥ ተሸፍኜ አለቀስኩ፤ ለእሱም አዘንኩ፣ ስለ እኔም ፈጣሪን አመሰገንኩ። ሸሚዙን ለቀደደልኝ፣ ቁስሌን ለምታጥብልኝ፣ ሾርባ ለሚያጎርሰኝ ሁሉ ምስጋናዬ አያልቅም።

አባዬን ጉልበቱን ሳሚልኝ። እህቴን አንቺን ስላስታመመችልኝ እቅፍ አድርጊልኝ። ታናሽ ወንድሜ ደግሞ ሞቷል ብሎ ጃኬቴን መልበስ ጀምሯል አሉ፤ ያውልቅ! ላለቀሱልኝ ጎረቤቶች በሙሉ ሰላምታዬን አድርሺ፤ እንባቸው ብድር ይሁን፣ በደስታ እመልሳለሁ። ለቀለም ቀቢው ግን ከአንቺ አፍ አንድ ምርቃት ላኪለት፤ በር በሩን እያየ ነው።

ፊደሌ ተንጋዶብሻል አይደል? ልጅ ሆኜ «የ‹ጠ›ን እግር አታጣምም» እያልሽ ትቆጪኝ ነበር። አሁን ሁሉም እግሯ ተጣሟል። አትቆጪኝ፣ ደጋግመሽ እዪያት። ግራ እጄ ወረቀቱን ከመያዝ በቀር ምንም አልሠራም፤ የጻፍኩልሽ በቀኜ ነው።

ገና ያላረፍኩት ልጅሽ

ከአጥንት ሕክምና ክፍል፣ በመስኮቱ በኩል ካለው አልጋ
ማክሰኞ፣ ሰኔ 4 ቀን