በድምፅ ብልጫ ስለተጠገነው ጄኔሬተራችን

ለተከበሩ የሕንፃችን ነዋሪዎች ኮሚቴ ሰብሳቢ፣

ክቡርነትዎ እንደምን ሰነበቱ? ጤናዎ፣ ጉልበትዎ፣ በተለይም ትንፋሽዎ ሙሉ እንደሆነ ተስፋ አደርጋለሁ። ደረጃ ሲወጡ ደረትዎን ጨምድዶ የሚይዝዎት ነገር እንደሌለ ስለማውቅ ስለ እርስዎ ከልቤ ደስ ይለኛል። እኔ በሦስተኛው ፎቅ ከእናቴ ጋር የምኖረው የልብስ ስፌት መኪናና የውሃ ፓምፕ ጠጋኝ ነኝ፤ በየስብሰባው «እህታችን» እያሉ ንግግሬን በትሕትና የሚያቋርጡኝ። ይህን የምጽፍልዎ ክሊኒክ መተላለፊያ ላይ ካለ ወንበር ነው። በየአምስት ደቂቃው እየተነሳሁ እናቴን በበሩ መስታወት አያለሁና እጅ ጽሑፌ ቢንጋደድ፣ ሐሳቤም ቢዘባረቅ፣ ርዕሰ መምህር በነበሩ ጊዜ እንዳደረጉት በቀይ እስክሪብቶ አርመው እንዲያልፉኝ እለምናለሁ። ደብዳቤውን በሕንፃው መግቢያ በር ላይ የማስለጥፈው፣ ከዚህ በፊት የጻፍኳቸው ሁለት ማመልከቻዎች መሳቢያዎ ውስጥ በሰላም ማረፋቸውን ስለሰማሁና ዕረፍታቸውን ላለመረበሽ ነው።

ነገሩን ለማያውቁ ጎረቤቶች ባጭሩ ልግለጽ። እናቴ የምትተነፍሰው በኦክስጅን ማሽን ነው፤ ማሽኑ የሚሠራው በመብራት ነው። መብራት ሲሄድ ተጠባባቂዋ ሲሊንደር ለአንድ ሰዓት ያህል ታቆያታለች። ከዚያ በኋላ ያለን ተስፋ ከምድር ቤቱ ደረጃ ሥር በሽቦ አጥር ተቆልፎበት የሚኖረው የሕንፃችን ትንሽ ጄኔሬተር ብቻ ነው። ይህ ጄኔሬተር ከአንድ ወር በፊት አልነሳም አለ። እኔም ሙያዬ ነውና ልየው ብዬ ጠየቅሁ። ክቡርነትዎ ደረጃው ላይ ቆመው፣ ሞተርና የስፌት መኪና እንደሚለያዩ በትዕግሥት አስረዱኝ። ለዚህ ትምህርት አመሰግናለሁ፤ ለአሥራ ስድስት ዓመት ስሳሳት ኖሬያለሁ ማለት ነው።

እንግዲህ ቅሬታ ሳይሆን አድናቆት ብለው እንዲቀበሉኝ እየለመንኩ፣ ያየሁትን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

አንደኛ፤ የምርመራዎ ዘዴ። በሕይወቴ ብዙ ሞተር ፈትቻለሁ፤ የተበላሸው ክፍል በእጅ ማውጣት ሲመረጥ ግን ያየሁት በእርስዎ ዘመን ነው። ሰባት የኮሚቴ አባላት ተሰብስበው፣ ቃለ ጉባኤ ተይዞ፣ እሳት የሚጭረው ካንዴላ በአራት ድምፅ ጥፋተኛ ተባለ፤ ቤንዚን የሚመግበው ካርቡራተር በሦስት ድምፅ ለጥቂት አመለጠ። ሞተሩ ግን በስብሰባው ላይ ስላልተገኘ በውሳኔው የመገዛት ግዴታ እንዳለበት አላወቀም መሰለኝ፣ አዲስ ካንዴላ ገብቶለትም አልነሳም። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ የሚሉት ይህን ነው። አዲሱም ካንዴላ ቢሆን አገባቡ አንጀት ይበላ ነበር፤ ልብስ ሰፊው ጎረቤታችን የአንድ ክንድ ርዝመት ባለው መፍቻ ሲጠመዝዘው የካንዴላው ጥርስ ሲያቃስት ሦስተኛ ፎቅ ድረስ ተሰምቶኛል። ካንዴላ በጣት እስኪቆም ይገባል፣ ከዚያ በመፍቻ ግማሽ ዙር ያህል ይበቃዋል፤ ከዚያ በላይ ያለው ጉልበት ማሳያ ነው። ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ ነውና፣ ያልነሳ ሞተር የሚጠየቀው ከቀላሉ ጀምሮ ነው፦ ቤንዚን አለህ ወይ፣ ይደርስሃል ወይ፣ እሳት ታገኛለህ ወይ፣ አየር ታገኛለህ ወይ። እነዚህን አራት ጥያቄዎች በአጥሩ ሽቦ በኩል ባቀርብልዎ በጽሑፍ እንዲቀርቡ አዘዙ። በጽሑፍ አቀረብኩ። በሚቀጥለው ስብሰባ በመልካም መንፈስ እንደሚታዩ የሚገልጽ ማኅተም ያረፈበት መልስ ደረሰኝ፤ ማኅተሙ በጣም ያምራል።

ሁለተኛ፤ ስለ ቾኩ መስመር። ከቴክኒክ ንዑስ ኮሚቴው በቀር ማንም ሰው ወደ ጄኔሬተሩ እንዳይጠጋ በማለት ከአጥሩ ሦስት እርምጃ ርቀው መሬት ላይ በነጭ ቾክ መስመር አሰመሩ። ንዑስ ኮሚቴው ማለት እርስዎ፣ ልብስ ሰፊውና መነጽራሙ ጸሐፊ ናችሁ፤ ሦስታችሁም የተመረጣችሁት ቁመታችሁ ከደረጃው ሥር ስለሚበቃ ካልሆነ ሌላ ምክንያት አላገኘሁለትም። ሥራ ለሠሪው እሾህ ላጣሪው የሚለውን ከመስመሩ ወዲህ ሆኜ ለራሴ ስደጋግመው ውያለሁ። መስመሩን በየጠዋቱ የሚያድሱበት ትጋት ግን የሚያስቀና ነው።

ሦስተኛ፤ ሲፈታ። እዚህ ላይ ይቅርታ፣ ነርሷ የጠራችኝ መስሎኝ ተነሳሁ፤ ለምንም አልነበረም፣ የሰማሁት የማሽን ጩኸት ነው። የት ነበርኩ? አዎ፣ ሞተሩን ፈታችሁ፤ የፈታችሁትን ብሎን ሁሉ፣ ረጅሙንም አጭሩንም፣ በአንድ የፕላስቲክ ሳህን ውስጥ አንድ ላይ ቀላቀላችሁ። የዚህ ሥራ ሀሁ፣ የተፈታ ዕቃ ንጹሕ ጨርቅ ላይ በተፈታበት ቅደም ተከተል መደርደሩ ነው፤ መልሶ ሲገጠም ከመጨረሻው ይጀመራል። ሙያውን ያስተማረችኝ እናቴ ልጅ ሳለሁ አንድ ዳዶ ከተራዋ ባወጣሁ ቁጥር ጆሮዬን ትቆነጥጠኝ ነበር። እናንተ ግን ገጥማችሁ ስትጨርሱ ሦስት ብሎኖች ቢተርፉ አልደነገጣችሁም፤ ጸሐፊው «ትርፍ ንብረት» ብሎ መዝግቦ ዕቃ ቤት አስገባቸው። ሞተሩን ባነሰ ብሎን የማሠራት ዘዴ በማግኘታችሁ ኮሚቴው በጭብጨባ እንዳመሰገናችሁም ከቃለ ጉባኤው አንብቤያለሁ።

አራተኛ፤ ዘይቱ። በዚህ ላይ ማንንም በስንፍና ልከስ አልችልም፤ እንዲያውም ችግሩ ትጋት ነው። ቃለ ጉባኤው «የዘይቱን ጉዳይ እያንዳንዱ አባል በኃላፊነት ይከታተል» ስለሚል፣ ልብስ ሰፊው ጠዋት ሞላ፣ ጸሐፊው ቀትር ላይ ሞላ፣ ክቡርነትዎም ከሰዓት በኋላ ሞሉ፤ ሦስታችሁም በኃላፊነት፣ ሦስታችሁም ለሌላው ሳትነግሩ፣ የመለኪያ ዘንጉን አንዳችሁም ሳትመዙት። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ ለሃምሳ ሰው ጌጡ የሚባለው በጄኔሬተር ሆድ ውስጥ እንደማይሠራ እንግዲህ ታውቋል። ዘይት ሲያንስ እንደሚጎዳ ሁሉ ሲበዛም ይጎዳል፤ ሞተሩ ቢነሳ እንኳ ጭሱ ሌላ ነው።

አምስተኛ፤ ማጣሪያው። የአየር ማጣሪያው ስለቆሸሸ ብቻ አውጥታችሁ ጣላችሁት፤ ሞተሩ እንደ ልቡ ይተንፍስ ተባለ። በቤቴ ውስጥ የሚተነፍሱ ሁለት ነገሮች አሉ፣ እናቴና ማሽኗ፤ የማሽኗን ማጣሪያ በየሳምንቱ በእጄ አጥባለሁ እንጂ አልጥለውም። አቧራ የሳበ ሞተር ውስጡ እየተበላ ይሄዳል። ይህን ለመናገር ወደ መስመሩ ስጠጋ ልብስ ሰፊው በእጁ ቾኩን አመለከተኝ።

ስድስተኛ፤ ጄኔሬተሩ ከደረጃው ሥር ሆኖ ይነሳ የሚለው ውሳኔ። ዝናብ አይመታውም፣ ሌባም አይደርስበትም፤ እውነት ነው። ጭሱ ግን ከደረጃው ሥር ወጥቶ የሚሄድበት መንገድ ደረጃው ብቻ ነው፣ ደረጃው ላይ ደግሞ የሁላችንም በር አለ። ቤት ውስጥ የሚነሳ ሞተር ሽታ በሌለው መርዝ ሰው ይገድላል፤ በዚህ ላይ ቀልድ አላውቅም፣ እርስዎም አይወቁ።

ማክሰኞ ስለሆነው ነገር ቁጥር መስጠት አልቻልኩም።

ሰኞ ማታ «ጥገናው በስኬት ተጠናቋል» የሚል ማስታወቂያ ለጠፉ። ማክሰኞ በቀትር፣ ስድስት ሰዓት ላይ መብራት ሄደ። ሲሊንደሩን ከፈትኩላት፤ ከዚያ በኋላ ዓይኔ ከመለኪያው ላይ አልተነሳም። ከሥር የሞተሩ ማስነሻ ገመድ ሲሳብ ይሰማኛል። በኋላ እንደሰማሁት፣ ገመዱን በፎቅ ተራ፣ እያንዳንዱ ፎቅ አምስት አምስት ጊዜ እንዲስብ ወስነው ነበር፤ ፍትሐዊ አሠራር ነው፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ወንድ ስለሌለ ተራቸው ለመጀመሪያው ፎቅ ተላለፈ። ሁለት ጊዜ ሮጬ ወረድኩ። ሁለት ጊዜም ቁልፉን በደረት ኪስዎ እንደያዙ ሂደቱን እንዳላደናቅፍ በለሰለሰ ድምፅ ለመኑኝ። ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ ነውና ጎረቤታችን ዳቦ ጋጋሪው መዳፉ እስኪላጥ ሳበ። አርባ ደቂቃ ሞላ። የሲሊንደሩ ግፊት ሲወርድ የእናቴ ከንፈር ቀለሙ ተለወጠ።

ከዚያ ዳቦ ጋጋሪው ገመዱን ጥሎ ወደ ላይ መጣ። የሕንፃውን ዘበኛ ጠራ፤ እናቴን በወጥ ቤት ወንበር ላይ አስቀምጠው ሦስት ፎቅ ተሸክመዋት ወረዱ፣ እኔ ሲሊንደሩን አቅፌ ከጎኗ። በዳቦ ማድረሻው መኪና፣ በባዶ ሳጥኖች መሐል ሆነን እዚህ ደረስን። ዘበኛው መንገዱን ሁሉ «ደረስን እማማ፣ ደረስን» ሲላት ነበር።

ክቡርነትዎ፣ እፈራለሁ። ይህን በአሽሙር ልለው ሞክሬ አልሆነልኝም። ሐኪሙ በሚቀጥለው ሳምንት መጀመሪያ ወደ ቤት ትመለሳለች ብሏል። መብራት ደግሞ ይሄዳል፣ ቀን ቆጥሮ ሳይሆን እንደ ፈለገው። የኮሚቴው ቀጣይ ስብሰባ ወሩ መጨረሻ ላይ ነው። እናቴ እስከዚያ ትንፋሿን ይዛ እንድትጠብቅ የሚል አጀንዳ ካልተያዘ በስተቀር፣ ከእርስዎ የምሻው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የአጥሩን ቁልፍ እስከ እሑድ ለዘበኛው ይስጡልኝ። ሞተሩን ግቢው ውስጥ አውጥቼ፣ ዘይቱን በልኩ አድርጌ፣ ማጣሪያ ገጥሜ፣ ሦስቱንም ብሎኖች ቦታቸው መልሼ አስረክባለሁ። ምስጋና አልፈልግም፤ ከፈለጉ ጥገናውን በኮሚቴው ስም ይመዝግቡት፣ የእኔን ስም ጸሐፊው ባይጽፈው ቅር አይለኝም።

ስለ ታታሪነትዎ፣ ስለ ማኅተምዎ ውበት፣ የነዋሪውን ሞተር ከነዋሪው እጅ ስለጠበቁበት ጽናት፣ ደግሞም በወንበር ስናልፍ የሰልፉን ሥርዓት ሳያፈርሱ መንገድ ስለለቀቁልን ከጥልቅ አክብሮት ጋር እጅ እየነሳሁ፣ ዕድሜዎ እንዲረዝም፣ ቤትዎም መብራት እንዳይጠፋበት እመኛለሁ።

የዘወትር አክባሪዎ፣
ከሦስተኛው ፎቅ፣ ከመስመሩ ወዲህ የቆመችው ጠጋኝ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ፈርሜ ወረቀቱን ላጥፍ ስል ነርሷ አሁን በእውነት ጠራችኝ። ከማክሰኞ ጀምሮ ራሷን ከመነቅነቅ በቀር ያልተናገረችው እናቴ ጭምብሉን በእጇ ገለጥ አድርጋ ጠጋ በይ አለችኝ። ለኑዛዜ መስሎኝ ጆሮዬን ወደ አፏ አስጠጋሁ። የነገረችኝ ግን የሚከተለውን ነው። ዳቦ ጋጋሪውና ዘበኛው እጅ ሊቀያየሩ ወንበሩን ከአጥሩ ፊት መሬት ሲያሳርፉት፣ ቆሞ ለሚያይ የማይታየው የታንኩ ሥር ከዓይኗ ትይዩ ሆነ። የቤንዚኑ መዝጊያ ዝግ ነበር። ሃያ ሁለት ዓመት የወፍጮ ሞተር ስታስነሳ የኖረች ሴት ናትና አንድ ጊዜ ማየት በቅቷታል፤ ቢከፈት እየጨሰም ቢሆን ይነሳ ነበር። መናገር ስላልቻለች እጇን አንስታ መዝጊያውን በጣቷ ጠቆመችልዎ። ክቡርነትዎ ጎንበስ ብለው «አይዞዎት እማማ» አሏትና፣ እጇን በቀስታ ይዘው ጭኗ ላይ መለሱላት። ስለ ደግነትዎ አመስግኚልኝ ብላለች።