ወይዘሮ አልጣሽ ወልደ ጊዮርጊስና የፈሩት መድኃኒት

በጥቅምት 1959 ዓ.ም. ከፋ ውስጥ ማንኪራ፣ አያታቸውና ሁለት የጎረቤት ሴቶች በተገኙበት፣ አባታቸው አቶ ወልደ ጊዮርጊስ ደጅ ቆመው ሲጠብቁ፣ ወይዘሮ አልጣሽ ከእናታቸው ከወይዘሮ ምሥራቅ ተወለዱ። ቦንጋ ዘመድ ቤት ተቀምጠው እስከ ስምንተኛ ክፍል ተማሩ። በ1980 ዓ.ም. ከአቶ ተድላ ጋር ትዳር መሥርተው ሰብሌንና ዮናታንን ወለዱ። የጫካ ቡና እየለቀሙ፣ ማር ቦንጋ ገበያ እያወጡ ልጆቻቸውን አሳደጉ። ጨዋታ አዋቂ ነበሩ፤ ቀምሶ ቀምሶ የማይገዛውን ሰው፣ «ጣትህ ጠገበ፣ አሁን ኪስህ ይናገር» ይሉት ነበር።

በኅዳር 2008 ዓ.ም. ቡና ሲለቅሙ እባብ ነደፋቸው። ሆስፒታል በተሰጣቸው የመርዝ ማርከሻ ሴረም ዳኑ። ከሳምንት በኋላ ግን ሰውነታቸው በሽፍታ ተሸፈነ፤ ትኩሳት አንቀጠቀጣቸው፤ መገጣጠሚያቸው አብጦ መቆም አቃታቸው። ሐኪሙም ሴረሙ ከፈረስ ደም የተገኘ ፀረ እንግዳ አካል መሆኑን አስረዷቸው። ሴረሙ መርዙን ከያዘ በኋላ የሰውነት ተከላካይ ሴሎች ይውጡታል፣ ይቆራርጡታል፤ ቁራጩንም ለሌሎች ሴሎች አሳይተው «ይህ ባዕድ ነው» ያሰኛሉ፤ ሽፍታውና እብጠቱም ሰውነት ይህን ባዕድ ሲዋጋ የሚመጣ ነው አሏቸው። ዳግመኛ ቢነደፉ ሳይዘገዩ እንዲመጡና ይህንን አስቀድመው እንዲናገሩ አሳሰቧቸው።

ወይዘሮ አልጣሽ ከምክሩ ይዘው የቀሩት ፍርሃቱን ነበር። ክንዳቸው ላይ ትንሽ ሽፍታ ባዩ ቁጥር ይደነግጣሉ። «እባቡስ ነድፎ ይሄዳል፤ ይሄ መድኃኒት ግን ውስጤ ቁጭ ብሎ ይጠብቀኛል» ይሉ ነበር።

ኅዳር 11 ቀን 2017 ዓ.ም. ጠዋት ቁርጭምጭሚታቸው ላይ ዳግመኛ ተነደፉ። ለማንም አልተናገሩም። ሰብሌ ሲያነክሱ አይታ ብትጠይቃቸው፣ «እሾህ ነው፣ አታካብጂ» አሏት። እግራቸውን በነጠላ ሸፍነው ቡና ሲያሰጡ ዋሉ። አመሻሽ ላይ ድዳቸው ሲደማ አቶ ተድላ ነጠላውን ገለጡት፤ እግራቸው እስከ ጉልበት አብጦ ጠቁሯል። በቃሬዛ ወደ ሆስፒታል ሲወሰዱ፣ «ሴረሙን አታስወጉኝ፣ እሱ ነው የሚገድለኝ» እያሉ ለመኑ። ሆስፒታል ሲደርሱ ሐኪሟ እጃቸውን ይዘው፣ «እትዬ፣ ከአጠገብዎ አልሄድም፤ ሽፍታው ቢነሳብዎት የሚያበርደው መድኃኒት ይኸው እጄ ላይ ነው» ቢሏቸው እሺ ብለው ሴረሙን ተወጉ።

የፈሩት አልመጣም፤ ሽፍታም ሆነ መታፈን አልታየባቸውም። መርዙ ግን ቀኑን ሙሉ ሲሠራ ውሎ ኩላሊታቸውን ጎድቶ ነበር። ኅዳር 13 ቀን በተወለዱ በ58 ዓመታቸው ዐረፉ።

ወይዘሮ አልጣሽ ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውንና ሦስት የልጅ ልጆቻቸውን ትተው አልፈዋል። ቤተሰቡ ይህንን ሳይሸሽግ የጻፈው፣ ጫካ የሚውል ሰው ሁሉ ቢነደፍ ፈርቶ እንዳይደብቅ ነው። እግዚአብሔር ነፍሳቸውን ፍርሃት በማይደርስበት ስፍራ ያኑርልን። ሥርዓተ ቀብራቸው ዛሬ ኅዳር 14 ቀን በማንኪራ ተፈጽሟል።