በሬው ጣሪያ እንዲያድስ ስለተፈቀደለት

ሐረር፣ ግንቦት 12 ቀን 1956 ዓ.ም.

ለክቡር ባላምባራስ ዘውዴ
የቤትና የከብት ፈቃድ መዝገብ ቤት ሹም

ከሁሉ አስቀድሜ ክቡርነትዎ፣ ቤተሰብዎና የማያፈሰው ጣሪያዎ እንደምን ሰንብታችኋል እያልኩ በታላቅ ትሕትና እጅ እነሣለሁ።

ክቡርነትዎ ከተሾሙ ወዲህ የአንድ ሰው ጉዳይ በአንድ ዶሴ መታሰሩ ቀርቶ፣ ወረቀት ሁሉ በቁመቱ፣ ረጅሙ ከረጅም አጭሩ ካጭር ጋር እንዲቀመጥ በማዘዝዎ፣ መደርደሪያው እንደ ሰልፈኛ ወታደር ቀጥ ብሏል። ለዓይን ደስ ይላል። እኔን ግን እንዲህ አድርጎኛል።

አንደኛ፣ ከከተማው ቅጥር በሮች አንዱ በሆነው በፈላና በር አጠገብ ያለው ቤቴ ስለሚያፈስ ዝናቡ ሳይበረታ ጣሪያውን ለማደስ በመጋቢት አመለከትኩ። ማመልከቻዬ ረጅም ነው ተብሎ ምድር ቤት ገባ፣ የጎረቤት ስምምነቱ አጭር ነው ተብሎ ፎቅ ወጣ፣ ፕላኑ ደግሞ ተጠቅልሎ ስለመጣ ከጃንጥላዎች ጋር በር ጥግ ቆመ። ሦስቱን ለማገናኘት ሁለት ወር ደጅ ጠናሁ። ጉልበቴን ስላጠነከሩልኝ አመሰግናለሁ።

ሁለተኛ፣ የድሬ ጠያራው ገበሬ ኢብራሂም ለበሬው የጤና ወረቀት አመልክቶ ኖሮ፣ የእሱና የእኔ ማመልከቻ እኩል ሁለት ስንዝር ሆነው ስለተገኙ አብረው ታሰሩ። ባለፈው ሰኞ ማኅተም ያረፈበት መልስ ደረሰን። በሬው ጣሪያ እንዲያድስ ተፈቅዶለታል። እኔ ደግሞ ጥርሴ ሙሉ፣ ከበሽታም ነጻ ስለሆንኩ ለገበያ መቅረብ እችላለሁ። በአልጋችን ዙሪያ አራት ገበቴ የደቀነችው ባለቤቴ ገላነሽ ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አስነብባ፣ የቅዳሜ ገበያ ስንት ሰዓት እንደሚቆም ጠይቃለች።

ሦስተኛውን አቤቱታ በአጭር ወረቀት ስለጻፍኩት እባክዎ ፎቅ ይፈልጉት።

ክቡር ሆይ፣ ቀልዱን ትቼ እውነቱን ልናገር፤ ዝናቡን እፈራለሁ፣ ያለኝም ቤት ይኸው ብቻ ነው። ይህን ደብዳቤ ለመዝገብ ቤቱ ባስረክብ ከቁመት እኩዮቹ ጋር ስለሚቀር፣ ሰው ሁሉ እንዲያነበው በመሥሪያ ቤትዎ በር ላይ ለጥፌዋለሁ።

በደጅዎ ቆሞ የከረመ፣ ጤንነቱ በማኅተምዎ የተረጋገጠ ትሑት አገልጋይዎ፣
እንደሻው ወልደ ጊዮርጊስ

ማሳሰቢያ፦ የቸገረው እርጉዝ ያገባል እንዲሉ፣ በሬውን ተውሻለሁ። ኢብራሂም ነገሩን ሲሰማ ሱብሐነላህ ብሎ፣ ስቆ ሲያበቃ ሰጠኝ። ከትናንት ጀምሮ ግቢዬ ታስሮ ጣሪያው በስሙ እየታደሰ ነው። ተቆጣጣሪ ከላኩ ባለፈቃዱን ያነጋግር። ከመዝገብ ቤትዎ ይልቅ እሱ ፈጥኖ መልስ እንደሚሰጥ እኔ ዋስ ነኝ።