ውሃ የጠጣችው የሰይድ ድንጋይ

እሑድ

ጉድ ሆንኩ! ባልዲውን ስከፍት ከአርዲቦ ሐይቅ ዳር የለቀምኳቸው ዘጠኙ ድንጋዮች አምረው ወጥተዋል፤ የሰይድ ኦፓል፣ ያቺ የከበረች ድንጋይ፣ ግን የለችም። ጭቃውን በጣቴ ስበረብር የመስታወት ስባሪ የሚመስል ነገር ያዝኩ። እሷ ናት። ያ አረንጓዴ፣ ዞር ሲያደርጓት የሚሮጠው ቀይ፣ ድራሹ ጠፍቷል።

ሰይድ የባለቤቴ የከዲጃ ወንድም ነበር። ደላንታ ኦፓል ሲቆፍር ዋሻው ተደረመሰበት። ድንጋይዋን ከመሞቱ ሳምንት በፊት ለእናቱ ይዞላቸው መጥቶ ነበር። አማቴ ውጫሌ ብቻቸውን ስለሚኖሩ ትጠፋብኛለች ብለው እኛ ዘንድ በአደራ አስቀመጧት። አሁን ዓመቱ ሊሞላ ነው፤ ጁምዓ ሰደቃው እኛ ቤት ይበላል። አማቴ ደግሞ በመጡ ቁጥር ገና ሳይቀመጡ የሚጠይቁት ድንጋይዋን ነው።

እኔን ማን አድርግ አለኝ? አንድ ጎኗ ሻካራ ነበር። አለስልሼ ላስደስታቸው ብዬ፣ ለከዲጃ እንኳ ትንፍሽ ሳልል፣ ረቡዕ ከሌሎቹ ጋር ማለስለሻው ባልዲ ውስጥ ከተትኳት። ሥራዬ ፍሪጅ መጠገን ነው፤ ድንጋይ ማለስለስ ግን ሱሴ ነው። ማሽኑን ከልብስ ማጠቢያ ሞተርና ከቀለም ባልዲ ራሴ ሠራሁት። ድንጋዩን ከውሃና ከሻካራ ዱቄት ጋር ቀናት ሙሉ እያሽከረከረ ያንገላታዋል። ጎረቤቴ "ዛሬም ባቄላ እየቆላህ ነው?" እያለ ይቀልድብኛል። ኦፓል ውሃ ጠጥቶ ቀለሙን እንደሚያጣ በምን ልወቅ!

ሰኞ

ሳሙና። የጥርስ ብሩሽ። ሎሚ አሰብኩና ፈራሁ። ምንም ለውጥ የለም።

ከዲጃ "ምን ሆነሃል? ምሳህን አልነካኸውም" አለችኝ። ጨጓራዬ ነው አልኳት። ድንጋይዋ በምትቀመጥበት ቆርቆሮ ውስጥ፣ ቢያነሱት ባዶ እንዳይመስል፣ አንድ የአርዲቦ ድንጋይ በጥጥ ጠቅልዬ ከተትኩ። ውሸታም ሆንኩ። አደራ በላ ሆንኩ።

ማክሰኞ

የባሰ አመጣሁ። ውሃ ከጠጣች ላድርቃት ብዬ ከሰል ምድጃው አጠገብ አስቀመጥኳት። ጠሽ አለች። ትንሽ ድምፅ ናት። ከጫፍ እስከ መሃል እንደ ፀጉር የቀጠነ ስንጥቅ። ያረቢ! ባልዲው ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ።

ከዚያ ከሰይድ ጋር ይቆፍር ለነበረው ለሙሐመድ ደወልኩ። "አንተ ሰው፣ በእሳት?" ብሎ ጮኸብኝ። "ጥጥ ላይ አድርገህ ጥላ ውስጥ ተዋት፤ ውሃውን ስትተፋ ቀለሟ ይመለሳል" አለኝ። በስንት ቀን? ሳምንትም ሊሆን ይችላል፣ ወርም። ጭቃ ጠጥታ ከሆነ ግን አትመለስም። "አብሽር፣ አይዞህ" ብሎ ስልኩን ዘጋው። በምን ልበሽር?

ረቡዕ

ነጣች። እንደተቀቀለ እንቁላል ነጭ ድፍን አለች። ደግ ይሁን ክፉ አላውቅም፤ ሙሐመድ ስልኩ አይነሳም። ደሴ ሄጄ የምትመስላት ልፈልግ ብዬ መናኸሪያ ድረስ ወጣሁ። ሚኒባሱ በር ላይ ስደርስ ቆምኩ። እናት የልጇን ድንጋይ ሳታውቅ ትቀራለች እንዴ? ተመለስኩ።

ሐሙስ

ለከዲጃ ነገርኳት። ለሰደቃው ሽንኩርት እየከተፈች ነበር። ቢላዋውን አስቀመጠች።

"ወንድሜን ሁለተኛ ቀበርክብኝ" አለች። ቢላዋውን መልሳ አንስታ "ለእማ አንተው ትነግራታለህ" አለችና ወደ ሽንኩርቷ ተመለሰች። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ጁምዓ

ዱዓው ተደረገ፣ ሰዉ በልቶ መርቆ ሄደ። አማቴ ያን ሁሉ ሰዓት ድንጋይዋን አልጠየቁም፤ ሰው እስኪወጣ ጠበቁ። ከዚያ እጃቸውን ዘረጉ።

ሰጠኋቸው። ባልዲውን፣ ውሃውን፣ ከሰሉን፣ በቆርቆሮው ያደረግኩትን ሳይቀር ሁሉን ተናዘዝኩ። አልጮኹም። ቀለሟንም አላዩም። በአውራ ጣታቸው ጎኗን ዳበሱ፣ ገልብጠው ዳበሱ፣ እንደገና ዳበሱ።

"ሻካራዋስ?"

"አለሰለስኳት፣ እማ።"

"የሰይድ መዶሻ ያረፈባት ያቺ ሻካራዋ ነበረች። እኔ እሷን ነበር የምዳብሰው።"

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ለካ ለቀለሙ ነበር ሳምንቱን ሙሉ የተንገበገብኩት! ቀለም ሊመለስ ይችላል። ያቺን ግን በገዛ እጄ አራት ቀን ሙሉ አንገላትቼ ፈጨኋት።

ቅዳሜ

አማቴ እኛው ዘንድ አደሩ። ጠዋት ደጃፍ ላይ ሆነው "ኡመር፣ ና እስቲ፣ ዓይኔ ነው?" ብለው ተጣሩ። ሮጥኩ። ድንጋይዋን ወደ ብርሃኑ ያዟት። ከስንጥቋ አጠገብ፣ ጤፍ የምታክል አረንጓዴ።

አየሁ። ያየሁ ይመስለኛል። ከዲጃም መጥታ ተመለከተችና ወደ ጓዳ ተመለሰች።

አማቴ ድንጋይዋን ዛሬ ውጫሌ ይዣት እሄዳለሁ አሉ። ሲያወሩ አውራ ጣታቸው ስንጥቋ ላይ ወዲያ ወዲህ ትል ነበር። ሻካራዋን ትፈልግ ይሁን ስንጥቋን ትለምድ አላወቅኩም።