ያለ እስትንፋስ የነፋሁት ዜማ

ውድ የእህቴ ልጅ፣

ባለፈው ሐሙስ በስልክ ላቀረብሽልኝ ጥያቄ መልሱን በጽሑፍ እሰጥሻለሁ ብዬሽ ነበር። ቃል አጥቼ እንዳይመስልሽ፤ ሠላሳ አንድ ዓመት ሰዋስው ያስተማረ ሰው ቃል አያጣም። በቁጣ የተናገሩት ተመልሶ አይታረምም፣ የጻፉትን ግን ሰርዞ እንደገና መጻፍ ስለሚቻል ነው። ይህ አራተኛው ነው። የፊተኞቹን ሦስቱን አንቺ «እትዬ» የምትያት ባለቤቴ አንብባ፣ «ለልጅ እንዲህ አይጻፍም» እያለች ቀድዳብኛለች።

ነገሩን ከሥሩ ልጀምር። የዛሬ ሁለት ዓመት ካለሽበት ሩቅ ከተማ ደውለሽ፣ «ጋሼ፣ ክላርኔትዎ አለ ወይስ አይጥ በላው?» አልሽኝ። ለፊልምና ለተከታታይ ድራማ ሙዚቃ የምትቀምሪ ሴት ሆነሽ፣ በዙሪያሽ ካሉት ተጫዋቾች የአንዱም ድምፅ እንዳላረካሽ፣ በልጅነትሽ ከእኔ የሰማሽው ድምፅ ጆሮሽ ውስጥ እንደቀረ ነገርሽኝ። ማን ነው እንዲህ ተብሎ እምቢ የሚል? ኖታውን በኢንተርኔት ትልኪልኛለሽ፤ እኔ የጆሮ ማዳመጫውን አድርጌ፣ የጊዜውን ምት እየሰማሁ ነፍቼ፣ ቀድቼ እልክልሻለሁ። ማሚቶ እንዳይኖር ወንበሬን የተከፈተ ቁም ሳጥን ፊት አስቀምጬ፣ በእትዬሽ ካፖርቶች መካከል ነበር የምነፋው። ማክሰኞ ማክሰኞ ጢሜን ተላጭቼ፣ ከረባት አስሬ እቀርብ ነበር። እሷም፣ «ማይክሮፎኑ ዓይን አለው እንዴ?» እያለች ትስቅብኝ ነበር። ትሳቅ። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ በሰዓቱ የሚጠብቀኝ ሰው ያገኘሁት ያን ጊዜ ነው።

ከዚያ ባለፈው ዓመት አንድ ቀን፣ «ጋሼ፣ እስቲ እያንዳንዱን ድምፅ ለየብቻው ይንፉልኝ። ረጅም፣ አጭር፣ ለስላሳ፣ ጠንካራ» አልሽኝ።

«ለምን?» ብዬ ጠየቅሁሽ።

«የማይክሮፎኑን ጠባይ ልወቅ ብዬ ነው» አልሽ።

ጥያቄዬንም መልስሽንም አስቢያቸው። ይህ ሁሉ ደብዳቤ የተጻፈው በሁለቱ መካከል ስላለው ነገር ነው።

አሥራ አንድ ቀን ፈጀብኝ። እንዳያጉረመርም ማቀዝቀዣውን ከሶኬቱ ነቀልነው፤ ወተቱ ሁለት ጊዜ ተበላሸ። ጎረቤታችን አናጢው ከአሥር እስከ አሥራ ሁለት ሰዓት መዶሻውን እንዲያስቀምጥ ለመንሁት። በየቀኑ በአጥሩ ላይ ብቅ ብሎ፣ «መምህር፣ ዛሬስ እስከ ስንት ሰዓት ነው ዝም የምለው? ሚስቴ እንኳ እንዲህ ዝም አሰኝታኝ አታውቅም» ይለኝ ነበር። መካከል ላይ ያለችው ያቺ ደካማ ድምፅ፣ በየትኛውም ክላርኔት ላይ የምታስቸግረዋ፣ አልጠራልህ ብላኝ አሥራ አራት ጊዜ ነፋኋት። ይቅርታ ጠየቅሁሽ። «አሥራ አራተኛው ማር ነው፣ ጋሼ፤ ይበቃል» አልሽኝ። እንዴት ደስ እንዳለኝ!

ከዚያ በኋላ ጠፋሽ። ስደውል፣ «ሥራ ቀዝቅዟል፣ ጋሼ» ትያለሽ። እኔም ከልቤ አዘንሁልሽ። እናትሽን ጠርቼ፣ «ልጅቷ ሥራ አጥታለችና አይዞሽ በያት» አልኋት። እኔ ግን አንድ ቀን ድንገት ኖታ ብትልኪ ብዬ፣ እስከ አምስተኛው ማክሰኞ ድረስ ተላጨሁ።

ከሦስት ሳምንት በፊት እትዬሽን ወደ ዓይን ክሊኒክ ወሰድኋት። ነርሷ ጠብታ አድርጋላት፣ ዓይኗ ፈዝዞ፣ ግድግዳው ላይ በተሰቀለው ቴሌቪዥን ሥር ተራ እንጠብቃለን። ድራማ እየታየ ነው፤ አንዲት እናት አውቶቡስ ማቆሚያ ላይ ሰው ትጠብቃለች። ባለቤቴ ክንዴን ያዘችኝ።

«ይሄ አንተ ነህ።»

«የትኛው እኔ?»

«የሚነፋው ነዋ!»

«ይህን ዜማ በሕይወቴ ነፍቼው አላውቅም።»

«አንተ ሰውዬ፣ እኔ እኮ ሠላሳ ስድስት ዓመት ያቺ የላላች ቁልፍህ ጠቅ ስትል የሰማሁ ሴት ነኝ። ዝም ብለህ ስማ!»

ሰማሁ። ጠቅ አለች። የክላርኔቴ ቁልፍ ነበረች፤ በዓለም ላይ እንደዚያ የምትል ሌላ የለችም። ድምፁ የእኔ፣ ከንፈሩ የእኔ፣ ዜማው ግን ከቶ የማላውቀው። አንዳች ነገር አስገደደኝና አየር ስቤ በሆዴ አብሬው መንፋት ጀመርሁ። የመጀመሪያው ሐረግ አለቀ፤ መተንፈስ ነበረብኝ፤ ዜማው ግን ቀጠለ። ሁለተኛው አለቀ፤ ቀጠለ። አራት ነጥብ እንደሌለው ዓረፍተ ነገር ዝም ብሎ ሄደ። ደረቴ ተጨንቆ ሳል ሲይዘኝ ነርሷ ውኃ ይዛ ሮጣ መጣች፤ «አባት፣ የታመሙት እሳቸው ናቸው ወይስ እርስዎ?» አለችኝ። ባለቤቴ ደግሞ በዚያ በፈዘዘ ዓይኗ ወደ እኔ ዞራ፣ «መቼ ነው የተነፈስኸው?» አለች።

በመጨረሻ ስሞች ሲያልፉ እሷ ማየት ስለማትችል እኔ አነበብሁላት። ሙዚቃ ቀማሪ ተብሎ ያንቺ ስም አለ። ክላርኔት የሚል መስመር ግን የለም። ከየት ይምጣ? የነፋው ሰው የለማ።

ሁለት ሳምንት ነገሩን ስውጥና ስተፋ ቆይቼ ነው ሐሙስ የደወልሁልሽ። አልካድሽም፤ ይህን አመሰግንሻለሁ። አንድ በአንድ የነፋኋቸውን ድምፆች በኮምፒውተርሽ ውስጥ ደርድረሽ፣ ጣትሽን ባሳረፍሽ ቁጥር እኔ እንደምነፋልሽ ነገርሽኝ። «ድምፅዎ እንዳይጠፋ ብዬ ነው፣ ጋሼ። ሳንባዎም እንደ ድሮው አይደለም» አልሽ።

«ታዲያ ሳልሞት ቀበርሽኝ?» አልሁሽ። «ለምንስ ዋሸሽኝ?»

«እውነቱን ብነግርዎ እምቢ ይሉኝ ነበራ!»

ከዚያም ትንፋሽ እንኳ ሳትወስጂ ቀጠልሽ፦ «አሁን ካወቁ አይቀር፣ ጋሼ፣ ከሁሉ የወፈረው ድምፅ ውስጥ የአናጢው መዶሻ ገብቶበታል። የድራማው የመጨረሻ ክፍል የሚዘጋው በዚያ ድምፅ ነው። አንድ ጊዜ ብቻ እንደገና ይንፉልኝ?»

ስልኩን ስዘጋ ባለቤቴ፣ «እውነቱን ብትነግርህ እምቢ ትላት ነበር?» ብላ ጠየቀችኝ። «አዎ፣ እምቢ እል ነበር» አልኋት። «እንግዲያው ታውቅሃለች» አለችኝ።

ታውቂኛለሽ፤ የከነከነኝም ይኸው ነው። ባዳ ቢያታልለኝ ሞኝነቴን ረግሜ ዝም እል ነበር። አንቺ ግን ምን እንደምመልስልሽ አስቀድመሽ አውቀሽ፣ መልሱን እንዳልሰጥ በሩን ዘጋሽብኝ። እምቢታዬን ሰረቅሽኝ። የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሳለሽ፣ ትንፋሽ ከየት እንደሚመጣ ይገባሽ ዘንድ መዳፍሽን ጀርባዬ ላይ አሳርፌ ነበር ያስተማርሁሽ። «ጋሼ፣ ጀርባዎ እንደ ድመት ይነፋል!» ብለሽ ሳቅሽ። ያን ጀርባ የምታውቅ መዳፍ ናት ዛሬ እስትንፋሴን ቆርጣ የጣለችው። በዜማሽ ውስጥ ለመተንፈሻ የሚሆን የአንድ ምት ቦታ እንኳ አልተውሽልኝም።

ዛሬ ጠዋት ካፖርቶቹን ገፋ ገፋ አድርጌ ቁም ሳጥኑን ዘጋሁት። አናጢውን ጠርቼ ከእንግዲህ ዝም ማለት እንደማያስፈልገው ነገርሁት። «ምን አጠፋሁ፣ መምህር?» ብሎ ደነገጠ። መዶሻው ድራማ ውስጥ ሊገባ ምንም እንዳልቀረው ስነግረው ግን ፊቱ በራ። «ታዲያ ስሜን ይጽፉልኛል?» አለኝ። እኔም የምጠይቀው እሱን ነው።

እንግዲህ መልሴ ይህ ነው። በዚህ ሁሉ ጊዜ ለመጀመሪያ ጊዜ በግልጽ ጠይቀሽኛልና እኔም በግልጽ እመልስልሻለሁ፦ እምቢ። ያን ድምፅ አልነፋልሽም። ድራማሽ ከነመዶሻው ይዘጋ። አናጢው ቢያንስ በገዛ እጁ ነው የመታው።

መስማት ብቻ ከፈለግሽ መንገዱን ታውቂዋለሽ። ማይክሮፎን ሳትይዢ ነይ። መዳፍሽን የምታሳርፊበት ጀርባ፣ ቢጎብጥም፣ ገና ይተነፍሳል።

አጎትሽ፤
ዛሬ ማክሰኞ፣ ሳልላጭ የጻፍሁት።