ሠላሳ አራቱንም ጥያቄ «የኔ ነው» ያሉት ዳሲቱ ገመዳ

ቀበሌ አዳራሽ ውስጥ፣ ያ ሁሉ አባት፣ ያ ሁሉ ካድሬ ቁጭ ብሎ፣ ብድግ ብለው «ሠላሳ አራቱንም የጻፍኩት እኔ ነኝ» ያሉት እሳቸው ናቸው! አንዱንም አልጻፉም እኮ። አንዱንም! ይሄ ሳይነገር እንዴት ስለ ልደት ይወራል? እሺ፣ የሟች ታላቅ እህት ወይዘሮ አማረች «የሕይወት ታሪክ በልደት ነው የሚጀመረው፣ ሰው ምን ይለናል?» ስላሉ ከልደት ይጀመር።

ወይዘሮ ዳሲቱ ከአባታቸው ከአቶ ገመዳ ቱሉ እና ከእናታቸው ከወይዘሮ ዲንቄ በ1940 ዓ.ም. አቃቂ፣ ከባቡር ጣቢያው ጀርባ ተወለዱ። አባታቸው ሐዲድ ጠጋኝ ነበሩ። ልጅቷ አንድ ቦታ አትቀመጥም፣ የማትጠይቀው ነገር የለም፤ እናትየው «ይቺን ባቡሩ ጥሎብኝ ነው የሄደው» ይሉ ነበር። ከአንደኛ እስከ ስምንተኛ ክፍል እዚያው አቃቂ ተማሩ።

አሥራ ሦስት ዓመት ሲሆናቸው አንድ ቀን ቀሚሳቸው ላይ ደም አዩ። ሊሞቱ መሰላቸው! ሦስት ቀን ለማንም ትንፍሽ ሳይሉ ቆዩና በአራተኛው ቀን ደብተሮቻቸውን በሙሉ ለእህታቸው አወረሱ። ወይዘሮ አማረች ደግሞ ደብተር በማግኘታቸው ደስ ብሏቸው ምንም ሳይጠይቁ ተቀበሉ፤ ዛሬ ድረስ ይሄን ሲያወሩ አንዴ ይስቃሉ፣ አንዴ ያለቅሳሉ። እናታቸው ነገሩን የሰሙ ቀን አንድ ቁራጭ ጨርቅ ሰጥተው «ለሰው እንዳትናገሪ» አሉ። በቃ። ትምህርቱ ይኸው ነበር።

ከዚያ በኋላ ዳሲቱ እረፍት የሚባል ነገር አላወቁም። በ1961 ዓ.ም. የድሬሰርነት ሥልጠና ጨርሰው፣ በ1963 ዓ.ም. እዚሁ አቃቂ አንድ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ክሊኒክ ተቀጠሩ። ክር የሚፈትሉት ልጆች አሥራ ስድስት፣ አሥራ ሰባት ዓመታቸው ነው። ራሴን አመመኝ ብለው ይመጡና በሩ ሲዘጋ ሌላ ነገር ያወራሉ። ዳሲቱ ያኔ ነው እኔ ብቻ አይደለሁም ደብተሬን ያወረስኩት ብለው የገባቸው።

በ1971 ዓ.ም. መጀመሪያ ቀበሌው ልጃገረዶችን ፊደል እንዲያስተምሩ መደባቸው። ሐሙስ ሐሙስ ቀበሌው አዳራሽ ውስጥ ፊደሉ ካለቀ በኋላ ስለ ሰውነት ማስተማር ጀመሩ፤ ስለ ወር አበባ፣ ስለ እርግዝና፣ ስለ ጨብጥ፣ ስለ ቂጥኝ፣ ስለ እርግዝና መከላከያ ኪኒን። ማንም አፍ አውጥታ አትጠይቅም። ስለዚህ ባዶ የወተት ዱቄት ጣሳ በሩ አጠገብ አስቀመጡ፤ ስም ሳይጻፍ ጥያቄ ይጨመርበታል፣ እሳቸው ለሁሉም ፊት ያነቡና ይመልሳሉ። ከልጆቹ አንዷ «ለአንድ ቀን ብቻ ከሆነ አይረገዝም አለኝ» ብላ ጻፈች። ዳሲቱ አነበቡና «እሱ ይላል፣ ማህፀን ግን አይሰማውም» ብለው አዳራሹን በሳቅ ገደሉት። ከዚያ ሳቁ እስኪበርድ ጠበቁና «እሺ ያላልሽውን ነገር ማንም ሰው እሺ ብለሻል ሊልሽ አይችልም» አሉ። ያኔ የሳቀ የለም።

እንግዲህ ያ የመጋቢት ሳምንት! አዳራሹን የሚጠርጉት ሴትዮ ጣሳውን አዩት፣ ለመሬቱ ውሃ መርጫ ይሆናል ብለው ወሰዱት። ልጆቹ መጥተው ጣሳ የለም። ግድግዳው ላይ ግን ቀዳዳ ያለው ቆንጆ የእንጨት ሳጥን ተሰቅሏል፤ የቀበሌው የጥቆማ ሳጥን! ሰው ሰውን የሚጠቁምበት። መምህራችን ጣሳውን በሳጥን ቀየሩልን ብለው ያላቸውን ሁሉ እዚያ ውስጥ ጨመሩት።

ሳጥኑ የሚከፈተው በወሩ ጠቅላላ ስብሰባ ላይ ነው። ሊቀመንበሩ ወረቀቶቹን ቆጠሩ፣ ሠላሳ አራት! የመጀመሪያውን ከፍ አድርገው አነበቡ። «ወር አበባ ላይ ሆኖ ገላ መታጠብ ይገድላል ወይ?» ሰው ሁሉ ሳቀ። ሁለተኛውን ሲያነቡ ድምፃቸው አነሰ። አምስተኛው ላይ አቆሙ። ከዚያ አንዱ ካድሬ ተነስቶ «በአብዮቱ ሳጥን ማን ነው የሚቀልደው? የእጅ ጽሑፉ ይመርመር፣ ልጆቹ አንድ በአንድ ይውጡ!» አለ። ያኔ ሳቁ ጥርቅም አለ። አባቶች ዞረው ሴት ልጆቻቸውን ማየት ጀመሩ። አንዷ አንገቷን ከመድፋቷ ብዛት አባቷ ጭን ሥር ልትገባ ደርሳ ነበር አሉ።

ዳሲቱ ተነሱ።

«ሠላሳ አራቱንም የጻፍኩት እኔ ነኝ።»

«ሠላሳ አራቱንም?»

«ሠላሳ አራቱንም።»

«ጓድ ዳሲቱ፣» አሉ ሊቀመንበሩ፣ «በሠላሳ አንድ ዓመትሽ፣ ድሬሰር ሆነሽ፣ ይሄን አታውቂም?»

«እኔማ አውቃለሁ። እናንተ ታውቁ እንደሆነ ብዬ ነው።»

አሥራ አንድ ቀን ቀበሌ ታሰሩ። ምግብ የምታመላልስላቸው የመኪና ሹፌር ሚስት የሆነችው ጎረቤታቸው ሐጀራ ነበረች፤ በመስኮቱ ሳህኑን እያቀበለች «አንቺ፣ ወላሂ፣ ሠላሳ አራት ጠይቀሽ አንዱን እንኳ ሳይመልሱልሽ አሰሩሽ?» ትላቸው ነበር። ዘበኛው ሳይቀር ይስቅ ነበር አሉ።

ሳቁ እንዳለ ሆኖ ዋጋ ከፍለዋል። ያን ጊዜ ታጭተው ነበር፤ ሽማግሌ ተልኮ፣ ቀን ተቆርጦ። እንደተፈቱ የልጁ ቤተሰብ መልእክት ላከ፦ «ወይ ሁሉን ታውቃለች፣ ወይ ምንም አታውቅም፤ ሁለቱም ለልጃችን አይሆንም።» ዳሲቱ አንድ ቃል ቢናገሩ፣ ይሄ የእገሊት ነው፣ ያ የእገሊት ነው ቢሉ፣ ቀኑ አይፈርስም ነበር። አላሉም። የልጆቹን የእጅ ጽሑፍ እያወቁት፣ ማን የትኛውን እንደጻፈች ለእህታቸውም አልተናገሩም፣ አልጋ ላይ ውለውም አልተናገሩም።

ወደ ሥራቸው ሲመለሱ ጣሳውን ከጠራጊዋ አስመልሰው ክሊኒካቸው ውስጥ አደረጉት፤ ልጆቹም ጥያቄዎቹን ደግመው ጽፈው ሐሙስ ሐሙስ እዚያ መሰብሰብ ጀመሩ። ከሠላሳ አራቱ ሳይመለስ የቀረ አልነበረም። አንዱ እንዲህ ይላል፦ «ሴት ሆኜ ተወልጄ፣ ሴትነቱ ግን እንደ ተውሶ ልብስ አልሆነኝም። ውስጤ ወንድ ነው የሚመስለኝ። ታምሜ ነው?» ዳሲቱ ይሄንንም ለሁሉም ፊት አነበቡ። «የዚህን ሙሉ መልስ አላውቀውም» አሉ። «የማውቀው፣ ይሄን የጻፈው ሰው አልታመመም፣ አልተረገመም። የሚያሳድደው ካለ ደግሞ የኔ ቤት በር ክፍት ነው።» የማያውቁትን አላውቅም ማለት የሚችል አዋቂ ስንት አለ?

በ1974 ዓ.ም. ከአቶ ፀሐዩ ጋር ተጋቡ። አቶ ፀሐዩ የባቡር ቲኬት ሻጭ ናቸው፤ ያን ቀን አዳራሹ ውስጥ ጮክ ብለው ከሳቁት አንዱ ነበሩ። ሦስት ዓመት ሙሉ ሲከነክናቸው ቆይቶ ክሊኒኩ ድረስ መጥተው «ያን ሳቄን ልመልስ ነው የመጣሁት» አሉ። ዳሲቱ «ተራ ያዙ» አሏቸው። ሳሪስ ቤት ይዘው አንዲት ሴት ልጅ ወለዱ፣ ጠጄን።

ካለፈው ዓመት ታኅሣሥ ጀምሮ በጉበት በሽታ ሲታከሙ ቆዩ። ሰውነታቸው ቢጠወልግም መቀመጥ እምቢ ብሏቸው፣ ሐሙስ ሲደርስ የጠጄን ትንሽ ትከሻ ይዘው ክሊኒክ ይሄዱ ነበር። የካቲት 14 ቀን 1981 ዓ.ም. በተወለዱ በ41 ዓመታቸው ዐረፉ። ሥርዓተ ቀብራቸው በሳሪስ አቦ ቤተ ክርስቲያን ይፈጸማል። ባለቤታቸውን፣ የስድስት ዓመት ልጃቸውን፣ እህታቸውን፣ እንደ እህት የነበረችውን ሐጀራን፣ ደግሞም ስማቸው እዚህ የማይጠራ ብዙ ሴቶችን ትተው ሄደዋል። የማንንም ገመና አሳልፎ ያልሰጠች ነፍሳቸውን እግዚአብሔር በደጋጎቹ መካከል ያሳርፍልን። አሜን።

እዚህ ላይ ማለቅ ነበረበት። ግን ትናንት ድንኳን ውስጥ ንፍሮ ሲዞር፣ አንዲት እጅ ይህን ለምትጽፈው ለእህታቸው ልጅ ኪስ ውስጥ የታጠፈ ወረቀት ከተተች። ማን እንደሆነች አልታየችም፣ አትፈለግምም። እንዲህ ይላል፦ «አርግዤ ሦስተኛ ወሬ ነው። ለእናቴ ብነግራት ከቤት ታስወጣኛለች?»

ግማሹን መልስ ዳሲቱ አስተምረውናል። ክሊኒክ ሂጂ፣ ሰው ቀምሞ የሚሰጥሽን እንዳትጠጪ፣ ብቻሽን እንዳትሆኚ። ሌላው ግማሽ ግን ክሊኒክ ውስጥ የለም፤ እሳቸውም ቢኖሩ አያውቁትም ነበር። የምታውቀው እዚህ ለስንብት ከቆሙት እናቶች አንዷ ናት፣ የቷ እንደሆነች ግን ራሷም አታውቅም። ልጅቷም እዚሁ ቆማ የሁላችሁንም ፊት እያየች ነው።

እና እናቶች፣ አባቶች፣ ልጅቷ የእናንተ ብትሆን ምን ታደርጋላችሁ?